ከውሃው ጥልቀት ወደ መሣሪያው ምርጫ፦ ዓሣ ፈላጊ ሶናር ለአነስተኛ ጀልባ

ዓሣ ፈላጊ ሶናር በጀልባ ላይ ተገጥሞ ወደ ውሃው ውስጥ ድምፅ በመላክና የሚመለሰውን ድምፅ በመቀበል የውሃውን ጥልቀት፣ የወለሉን ጠባይና በመካከል የሚንቀሳቀሱ ዓሦችን በስክሪን ላይ የሚያሳይ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ነው። ቀድሞ በትልልቅ የባሕር መርከቦች ላይ ብቻ ይታይ የነበረው ይህ መሣሪያ በመጠንም በዋጋም እያነሰ መጥቶ ዛሬ በአንድ እጅ የሚያዝና በትንሽ ባትሪ የሚሠራ በመሆኑ፣ በአነስተኛ ጀልባ የሚያሰግር ሰው ወይም ማኅበር የትኛውን መግዛት እንደሚሻለው መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በምርት ስምና በዋጋ ዙሪያ ቢሆንም ትክክለኛው መነሻ ግን መሣሪያው የሚሠራበት ውሃ ነው፤ ለጥልቅ ውሃ የተሠራ ሶናር በጥልቀት አልባ ሐይቅ ላይ ያለ ጥቅም ገንዘብ የሚያስወጣ ሲሆን፣ ለጥልቀት አልባ ሐይቅ የሚበቃውም በገደላማ ሐይቅ ላይ ተጠቃሚውን ያሳስታል።

የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን ይህን ልዩነት ለመረዳት የሚመች ሥፍራ ነው። ከዞኑ ዋና ከተማ ከእንጅባራ በተለያየ አቅጣጫ የሚጓዝ ሰው ጠባያቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል ሦስት ዓይነት ውሃዎች ያገኛል፤ እነርሱም በእሳተ ገሞራ የተፈጠረው ዘንገና፣ ሰፊውና ጥልቀት አልባው ጣና፣ እንዲሁም በቅርብ ዓመታት የተወለደው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ናቸው።

ሦስት ውሃዎች፣ ሦስት ጠባዮች

ዘንገና ከእንጅባራ ወደ ቲሊሊ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብሎ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ክብ ሐይቅ ነው። ወርዱ በሰፊው በኩል አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ጥልቀቱ 166 ሜትር እንደሚደርስ ተመዝግቧል። ዙሪያውን በዛፍ ከተሸፈነው አፋፍ ላይ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው ዳርቻው ተዳፋት ሳይሆን ግድግዳ መሆኑን ይረዳል፤ የአፋፉ ቁልቁለት ውሃው ላይ ሲደርስ ሳይቆም ከውሃው በታችም ይቀጥላልና፣ ከዳር ጥቂት የቀዘፈ ጀልባ ወዲያውኑ ከብዙ ሜትሮች ጥልቀት በላይ ይገኛል።

ጣና የዚህ ተቃራኒ ነው። ከዳንግላ አካባቢ የሚነሱት እንደ ክልቲና ብራንቲ ያሉ ወንዞች ወደ ግልገል ዓባይ ይገባሉ፤ ግልገል ዓባይም በደቡብ በኩል ወደ ጣና ይፈሳል፤ በዚህም ምክንያት የአዊ ደጋ አፈርና ውሃ ከሐይቁ ዓሣ ሕይወት ጋር በቀጥታ የተሳሰረ ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሀገሪቱ ትልቁ የተፈጥሮ ሐይቅ ቢሆንም ጥልቅ የሚባለው ቦታ ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ወንዞቹ በክረምት የሚያመጡት ደለል ውሃውን ስለሚያደፈርሰውም በዓይን ወደ ውስጥ ማየት አይቻልም።

ሦስተኛው ውሃ በቻግኒ፣ በግልገል በለስና በማንኩሽ አድርጎ ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ማዶ ይገኛል። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 145 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን የሚይዘው የውሃ መጠንም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው፤ ሐይቁ ከግድቡ አጠገብ እጅግ ጥልቅ ሆኖ ወደ ዳርና ወደ ኋላ እየሳሳ ይሄዳል። እንዲህ ያለ አዲስ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሸለቆን፣ ኮረብታንና ዛፍን ውጦ የሚፈጠር በመሆኑ ወለሉ ወጣ ገባ ነው፤ የተዋጠ ግንድ ደግሞ ለመረብም ለሞተርም ጠላት ነው።

ድምፅ ዓሣን እንዴት ያሳያል?

የሶናር አሠራር በገደል አፋፍ ላይ ተጣርቶ የገደል ማሚቶን መልስ ከማዳመጥ አይለይም። ከጀልባው በታች የሚገባው ትራንስዱሰር የተባለው ክፍል የኤሌክትሪክ ምትን ወደ ድምፅ፣ ተመልሶ የመጣውን ድምፅ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ምት የሚለውጥ ነው። ድምፅ በንጹሕ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ መሣሪያው ድምፁ ሄዶ ለመመለስ የፈጀበትን ጊዜ በዚህ ፍጥነት አባዝቶ ለሁለት በማካፈል ጥልቀቱን ያገኛል። በጣና ጥልቅ ቦታ ላይ ድምፁ ደርሶ የሚመለሰው ከሴኮንድ ሃምሳኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ሲሆን፣ በዘንገና መካከል ግን ከሴኮንድ አምስተኛ እጅ በላይ ይወስዳል።

ይህ ዕውቀት ወደ ሥራ የተለወጠው በጦርነት ጊዜ ነው። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፖል ላንዥቨን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት የኳርትዝ ማዕድንን በኤሌክትሪክ በማርገብገብ በውሃ ውስጥ የተሰወሩ ሰርጓጅ መርከቦችን በድምፅ ለማግኘት የሚያስችል መሣሪያ ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1948 ደግሞ የጃፓን ወንድማማቾች ፉሩኖዎች ይህንኑ አሠራር ለዓሣ አስጋሪዎች የሚውል መሣሪያ አድርገው ለገበያ አቀረቡ። በ1950ዎቹ መጨረሻም ሎራንስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለትናንሽ ጀልባዎች የሚሆን አነስተኛ ሶናር ይዞ ብቅ አለ፤ ዛሬ ከእነዚህ በተጨማሪ ጋርሚንና ሃሚንበርድ፣ በስልክ የሚታዩ ተወርዋሪ ሶናሮችን የሚሠራው ዲፐርም በገበያው የታወቁ ናቸው።

ዓሣ በሶናር የሚታየው በዋናነት በሥጋው ምክንያት አይደለም። የዓሣ ሥጋ ከውሃ ጋር ተቀራራቢ ጠባይ ስላለው ድምፁን እምብዛም አይመልስም፤ ድምፁን በኃይል የሚመልሰው አብዛኞቹ ዓሦች በውሃ ውስጥ ለመንሳፈፍ የሚጠቀሙበት የአየር ከረጢት ነው። የዚህ እውነታ ውጤት በጣና ላይ በግልጽ የሚታይ ነው፤ ቀረሶና ነጭ ዓሣ የተሟላ የአየር ከረጢት ስላላቸው ጥሩ ምልክት ሲሰጡ፣ አምባዛ ግን የአየር ከረጢቱ እጅግ ያነሰና በአጥንት የተሸፈነ ከመሆኑም በላይ ከጭቃው ወለል ጋር ተጠግቶ የሚኖር ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ከወለሉ ሳይለይ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ስክሪኑ ባዶ ሆኖ ታየ ማለት ከጀልባው በታች አምባዛ የለም ማለት አይደለም።

ድግግሞሽና የድምፅ ሾጣጣ

በመሣሪያዎቹ ማሸጊያ ላይ 50፣ 83፣ 200፣ 455 ወይም 800 ኪሎኸርዝ ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር የድምፁን ድግግሞሽ፣ ማለትም ድምፁ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ሺሕ ጊዜ እንደሚርገበገብ ያመለክታል። ዝቅተኛ ድግግሞሽ ሩቅ ይጓዛል፣ ነገር ግን ዝርዝሩን ያደበዝዛል፤ ከፍተኛ ድግግሞሽ ደግሞ ዝርዝሩን አጥርቶ ያሳያል፣ ነገር ግን ቶሎ ይደክማል። ቺርፕ የሚባለው አዲሱ አሠራር በአንድ ቋሚ ድግግሞሽ ፋንታ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚንሸራተት ድምፅ በመላክ ተቀራርበው የሚዋኙ ዓሦችንም ሆነ ወለሉን የተጠጋ ዓሣን ለይቶ የማሳየት አቅምን ያሻሽላል።

ከድግግሞሹ እኩል መታየት ያለበት የድምፁ ሾጣጣ ስፋት ነው። ድምፁ ከትራንስዱሰሩ ሲወጣ ወደ ታች እየሰፋ ስለሚሄድ፣ ስክሪኑ የሚያሳየው ከጀልባው ሥር ያለችውን አንዲት ነጥብ ሳይሆን በዚህ ሾጣጣ ውስጥ ያለውን ሁሉ ነው። ብዙ ጊዜ በ200 ኪሎኸርዝ የሚገኘው የ20 ዲግሪ ሾጣጣ በ4 ሜትር ጥልቀት የሚሸፍነው 1.4 ሜትር ስፋት ያለውን ክብ ብቻ ነው፤ በ83 ኪሎኸርዝ የሚገኘው የ60 ዲግሪ ሾጣጣ ግን በዚያው ጥልቀት 4.6 ሜትር፣ በ10 ሜትር ደግሞ 11.5 ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከዚህ እንደሚታየው ለጣና ሰፊ ሾጣጣ ጥቅም አለው፤ ጠባቡ ሾጣጣ በጥልቀት አልባ ውሃ ላይ የሚያየው እጅግ ትንሽ ስለሆነ በጀልባው ግራና ቀኝ ያለው የዓሣ መንጋ ሳይታይ ያልፋል።

በዘንገና ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ያው የ20 ዲግሪ ጠባብ ሾጣጣ በ166 ሜትር ጥልቀት ላይ ሲደርስ ስፋቱ 58 ሜትር ያህል ይሆናል፤ የ60 ዲግሪው ደግሞ ከሐይቁ ወርድ አምስተኛ እጅ የሚጠጋውን ይይዛል። መሣሪያው ወለል ብሎ የሚመዘግበው መጀመሪያ የተመለሰውን ጠንካራ ድምፅ በመሆኑ፣ በገደላማ ወለል ላይ ሰፊው ሾጣጣ መጀመሪያ የሚነካው በጎን ያለውን ግድግዳ ነው፤ በዚህም ምክንያት ስክሪኑ ከእውነተኛው ያነሰ ጥልቀት ያሳያል፣ ከግድግዳው ሥር ያለውም ዓሣ በወለሉ ምልክት ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለሆነም ለእንዲህ ያለው ሐይቅ በቂ ኃይል ያለውና ጠባብ ሾጣጣ ያለው መሣሪያ ተመራጭ ነው። ለጣና 200 ዋት የድምፅ ኃይል ከበቂ በላይ ሲሆን፣ ለዘንገና መካከልና ለሕዳሴ ግድብ ጥልቅ ክፍል ግን ከዚያ ከፍ ያለ ኃይልና ዝቅተኛ ድግግሞሽን የሚጨምር ትራንስዱሰር ያስፈልጋል።

ጎን ለጎን የሚቃኝ ሶናር በ455 ወይም በ800 ኪሎኸርዝ በግራና በቀኝ ቀጭን የድምፅ ንጣፍ እየላከ ወለሉን እንደ ፎቶግራፍ ያለ ምስል አድርጎ የሚያሳይ ነው። ዋጋው ከፍ ያለ በመሆኑ ለተራ የጣና መረብ አያስፈልግም፤ የተዋጠ ዛፍ በሚበዛበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ግን አንድ መረብን ከመቀደድ፣ አንድ ሞተርን ከመሰበር ያድናልና ወጪውን የሚመልስበት ሁኔታ አለ።

ስክሪኑን ማንበብ

መሣሪያውን መግዛት ቀላሉ ክፍል ነው፤ የሚያሳየውን መረዳት ግን ልምምድን ይጠይቃል። በስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ ላይ የሚታየው በዚያች ቅጽበት ከጀልባው ሥር ያለው ሲሆን፣ ወደ ግራ እየራቀ የሚሄደው ያለፈው ታሪክ ነው። ጀልባው ቆሞ አንድ ዓሣ ከሥሩ ሳይንቀሳቀስ ቢቆይ ስክሪኑ ረጅም መስመር ይሥላል፤ መስመሩ ረጅም ስለሆነ ዓሣው ትልቅ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ጀልባው እየተጓዘ ዓሣው በሾጣጣው ውስጥ ሲያልፍ ደግሞ በጠርዙ ላይ ርቀቱ ስለሚበዛ፣ በመካከሉም ስለሚያንስ፣ ምልክቱ ቅስት ይሆናል። በጥልቀት አልባ ውሃ ላይ ግን ሾጣጣው ጠባብ ስለሆነ ቅስቱ ሳይሟላ አጭር ጭረት ብቻ ይታያል።

ሌላው ለጀማሪ የሚያስቸግረው ሁለተኛው የወለል ምልክት ነው። ወለሉ ድንጋይ ወይም ጠንካራ አሸዋ ሲሆን ድምፁ ከወለል ወደ ውሃው ገጽ፣ ከገጹ ደግሞ እንደገና ወደ ወለል ተመላልሶ ስለሚመጣ፣ ስድስት ሜትር ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ ሁለተኛ መስመር በአሥራ ሁለት ሜትር ላይ ይታያል። ሁለተኛው መስመር ጥልቀት አይደለም፤ ወለሉ ጠንካራ ስለመሆኑ ግን ጥሩ ምስክር ነው፤ መስመሩ ሲጠፋ ጀልባው ወደ ጭቃ መግባቱን ይጠቁማል። አብዛኞቹ መሣሪያዎች የዓሣ ሥዕል እየሣሉ የሚያሳዩበት አማራጭ አላቸው፤ ይህ አማራጭ ግን የአየር አረፋንና የውሃ ውስጥ ሣርን ጭምር ዓሣ ብሎ ስለሚሥል፣ ለመማር የሚፈልግ ሰው ቢያጠፋውና ጥሬውን ምልክት ቢያነብ ይሻለዋል።

ታንኳ፣ ጀልባና የትራንስዱሰር ቦታ

ድምፅ ከውሃ ወደ አየር ሲደርስ ሙሉ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ በትራንስዱሰሩና በውሃው መካከል ቀጭን የአየር ሽፋን እንኳ ቢኖር መሣሪያው ይታወራል። ይህ ሕግ በጣና ላይ ልዩ ትርጉም አለው። ነገደ ወይጦዎች በሚታወቁበት ሙያ ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ የሚንሳፈፈው ደንገሉ በውስጡ አየር ስለያዘ ነው፤ ታንኳውን በውሃ ላይ የሚያቆመው ያ አየር ግን የሶናርን ድምፅ የሚያግድ ግንብ ይሆናል። ስለዚህ ትራንስዱሰሩን በታንኳው ወለል ላይ አስቀምጦ ወደ ታች ማሳየት ፈጽሞ አይቻልም፤ በጎን በኩል በታሰረ ጠንካራ እንጨት ጫፍ ላይ ተገጥሞ ከውሃው ገጽ ጥቂት ወደ ታች መግባትና ቀጥ ብሎ ወደ ወለሉ መመልከት አለበት። ድምፅ በውስጡ አልፎ ሊላክ የሚችለው አየር በሌለበት ጠንካራ የፋይበርግላስ ጀልባ ብቻ ነው፤ በእንጨትና በብረት ጀልባ ላይ ትራንስዱሰሩ ከኋላ ወይም ከጎን ሆኖ ውሃውን በቀጥታ መንካት ይኖርበታል። ከሞተሩ ፕሮፔለር አጠገብ ከተገጠመም አረፋው ምልክቱን ስለሚያበላሸው ራቅ ማለት አለበት።

በታንኳ ለሚሠራ ሰው ተወርዋሪውና በስልክ የሚታየው ሶናር ምቹ ይመስላል፤ ለመግጠም ሥራ አይጠይቅም፣ ባትሪውም በውስጡ ነው። ሆኖም የስልኩ ስክሪን በደጋ ፀሐይ ላይ በጉልህ አይታይም፣ ስልኩም ውሃ ሊነካው ይችላል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ዓሣ አስጋሪ ዋና መሣሪያ ከመሆን ይልቅ ለመማሪያና ለአጭር ቅኝት ይሻላል። በቋሚነት የሚገጠመውን መሣሪያ የሚገዛ ሰውም የስክሪኑን ስፋት ብቻ ሳይሆን ድምቀቱን በፀሐይ ብርሃን ላይ አውጥቶ ማየት፣ ውሃ የማያስገባ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ሻጩም መለዋወጫ ትራንስዱሰርና ገመድ ማቅረብ መቻሉን መጠየቅ ይኖርበታል። ከስክሪኑ ይልቅ ገመዱና ትራንስዱሰሩ ናቸው ለድንጋይ፣ ለመረብና ለመንጠልጠል የሚጋለጡት።

አነስተኛ ሶናር በ12 ቮልት ባትሪ ይሠራል። ግማሽ አምፔር የሚወስድ መሣሪያ 7 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ላይ ቢገጠም በስሌት 14 ሰዓት ይሠራል፤ የእርሳስ ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር፣ ሰባት ሰዓት ያህል አገልግሎ በአነስተኛ የፀሐይ ኃይል መሙያ ቢሞላ ለአንድ ቀን ሥራ ይበቃል።

መረብ ለሚጥል ሰው ሶናር ምን ይጠቅማል?

በጣና ላይ አብዛኛው ዓሣ የሚያዘው በሚተከል መረብ ነው። ዓሣ አስጋሪው መረቡን ማምሻውን ዘርግቶ ይተዋል፤ ንጋት ላይ ነፋሱ ሳይነሳ ተመልሶ ከአንዱ ጫፍ እየሳበ የተያዘውን ዓሣ አንድ በአንድ ያላቅቃል። እንዲህ ላለው ሥራ ከጀልባው ሥር በዚያች ቅጽበት ያለውን ዓሣ ማየት ሁለተኛ ጉዳይ ነው፤ የሚጠቅመው የወለሉን ጥልቀት፣ ጭቃና ድንጋይ የሚለዋወጡበትን ጠርዝ፣ መረብ የሚይዙ እንቅፋቶችን ማወቅ ነው። ስለሆነም ለመረብ ሥራ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ባሕርይ ጂፒኤስና ተጠቃሚው ራሱ የጥልቀት ካርታ የሚሠራበት አማራጭ ነው። በጋርሚን መሣሪያዎች ላይ ክዊክድሮው የሚባለውና በሌሎቹም ላይ በሌላ ስም የሚገኘው ይህ አማራጭ፣ ጀልባው በተመላለሰ ቁጥር የሚለካውን ጥልቀት ከቦታው ጋር እያያዘ የጥልቀት መስመሮችን ይሥላል፤ ጥቂት ወራት በሥራ ላይ የቆየ መሣሪያም ለማኅበሩ አባላት በሙሉ የሚያገለግል የወለል ካርታ ያስገኛል።

ይህ ኃይል ግን ኃላፊነትን ያስከትላል። የናይሎን መረብና ሞተር ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1986 በጣና ላይ ከገቡ በኋላ የተያዘው ዓሣ ቢጨምርም የነጭ ዓሣ ዘሮች በእጅጉ ተጎድተዋል፤ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 ድረስ ብቻ በመረብ የሚያዘው የነጭ ዓሣ ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል አሽቆልቁሏል። በጣና የሚገኙት አሥራ አምስት ያህል ትልልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው፤ ከእነርሱም በርካቶቹ በክረምት እንቁላል ለመጣል ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎች ገባር ወንዞች ስለሚወጡ በወንዝ አፍ ላይ በብዛት ይሰበሰባሉ። ሶናር እንዲህ ያለውን ስብስብ በቀላሉ ስለሚጠቁም፣ በወንዝ አፍ ላይ በመራቢያ ወራት ቢያገለግል ጉዳቱ ከመረቡ በላይ ይሆናል። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን በዘላቂነት ለመጠቀም መሠረት የጣለ ሲሆን፣ የመራቢያ ቦታና ወቅት መጠበቅም የዚሁ ሥርዓት አካል ነው።

የምርጫው መደምደሚያ

ከላይ የተብራራው ሲጠቃለል፣ በጣና ላይ በአነስተኛ ጀልባ ለሚሠራ ሰው 83 እና 200 ኪሎኸርዝን የሚያጣምር ቺርፕ ያለው፣ ሰፊ ሾጣጣ የሚሰጥ፣ ጂፒኤስና ራስ ሠር ካርታ ያለው ተራ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ይበቃዋል፤ ጎን ቃኚና ከፍተኛ ኃይል ለሚያስከትሉት ተጨማሪ ዋጋ ምክንያት የለውም። እንደ ዘንገና ባለ ገደላማ ሐይቅ ላይ ለሚደረግ ጥናት ጠባብ ሾጣጣና ዝቅተኛ ድግግሞሽ ያስፈልጋል፤ በሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ላይ ለሚሠራ ደግሞ ጎን ቃኚው ከድምፅ ኃይሉ ጋር ተደምሮ ቢታሰብ ተገቢ ነው። ትራንስዱሰሩ ከጀልባው ዓይነት ጋር ካልተስማማ ግን ከእነዚህ ምርጫዎች አንዱም ጥቅም አይሰጥም።

ለአንድ ዓሣ አስጋሪ ቤተሰብ ከባድ የሆነው ወጪ ለአንድ ማኅበር ቀላል ነው። በአዊና በጣና ዙሪያ ያሉ የዓሣ አስጋሪ ማኅበራት፣ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና እንደ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት አንድ መሣሪያ በጋራ ገዝተው፣ በመጀመሪያው ዓመት የሚያሰግሩበትን የውሃ ክፍል ወለል ካርታ ቢሠሩ፣ የወንዝ አፎችንም በካርታው ላይ የተከለሉ ቦታዎች አድርገው ቢያስቀምጡ፣ ሶናሩ ዓሣን ለመያዝ ብቻ ሳይሆን ዓሣ እንዲተርፍም ያገለግላል። ይህ ሥራ የክረምቱ ጎርፍ ሳይመጣና ነጭ ዓሣ ወደ ግልገል ዓባይ መውጣት ሳይጀምር መከናወን ያለበት ስለሆነ፣ መሣሪያ ሊገዛ ያሰበ ማኅበር ሁሉ ከገበያው አስቀድሞ የውሃውን ጥልቀትና የዓሣውን የመራቢያ ቦታ በጽሑፍ አስፍሮ ይነሳ።